የሃርልስደኑ ፒያኖ

ለንደን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ይኸውም በ1981 (በዚህ ጽሑፍ ዘመን የምቆጥረው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው)፣ በከተማይቱ ሰሜን ምዕራብ ሃርልስደን በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሰፈሩን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከዊልስደን መገናኛ የባቡር ጣቢያ ወርዶ ጥቂት ቢራመድ፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ ኢዮቤልዩ መታሰቢያ በ1888 የተተከለውን የሰዓት ዓምድ ያገኛል። ያን ጊዜ ነፋሱ ወደ እኛ በነፈሰ ቀን ከብስኩት ፋብሪካው የሚመጣው ሽታ መንገዱን ሁሉ ይሞላው ነበር፤ ባዶ ሆዱን ለሚሄድ ተማሪ ይህ ቀላል ፈተና አልነበረም። የሰፈሩ ነዋሪ አብዛኛው ከአየርላንድና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣ ላብ አደር ነበረ። እኔም ከመጤዎቹ አንዱ ሆኜ ተጨመርሁ።

የቤቱ ባለቤት ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ባል ያላገቡ እንግሊዛዊት ነበሩ። እኔና ሊጠይቁኝ የሚመጡ ጓደኞቼ በመካከላችን «እማማ» እንላቸው ነበር፤ እርሳቸውም የቃሉን ፍች ከነገርናቸው በኋላ ወደውት ቀረ። በቤቱ ፊት ለፊት ባለው፣ ማንም በማይቀመጥበት ክፍል አንድ ቋሚ ፒያኖ ነበረ። ክዳኑ እንደ ተዘጋ ነው። በላዩ የዳንቴል ልብስ ተነጥፎ፣ በዳንቴሉም ላይ ራዲዮ ተቀምጦ ነበር።

እኛ ስደተኞች በዚያን ጊዜ የራዲዮ ሰዎች ነበርን። ዛሬ የአገራችሁን ወሬ በኪሳችሁ በያዛችሁት ስልክ በደቂቃ የምትሰሙ ወጣቶች ይህን ለመረዳት ትቸገሩ ይሆናል። እኛ ማታ ማታ ክፍል ዘግተን፣ በአጭር ሞገድ ላይ መርፌዋን በፀጉር ስፋት እያንቀሳቀስን፣ ከኮሎኝ የሚተላለፈውን የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት እንፈልግ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባልንጀሮቻችን በቀይ ሽብር አልቀዋል፤ የቀሩትም የት እንዳሉ አይታወቅም። ስለዚህ ራዲዮ ለእኛ መዝናኛ አልነበረም፤ የሞትና የሕይወት ወሬ የሚመጣበት በር ነበረ። በበሩ የሚገባውን ስንጠባበቅ ከእኛ የሚወጣ ድምፅ እንዳልነበረ ግን አንዳችንም ልብ አላልንም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእማማ ራዲዮ ተበላሽቶ እንድመለከትላቸው ጠሩኝ። ራዲዮውን አንሥቼ ዳንቴሉን ስገልጥ፣ በፒያኖው እንጨት ላይ ፀሐይ ያላገኘው፣ ከቀረው የጠቆረ ሰፊ አራት ማዕዘን ተመለከትሁ። ካነሣሁት ራዲዮ እጥፍ ይሆናል።

«የመጀመሪያው ራዲዮ ትልቅ ነበር» አሉኝ። «አባቴ ከዚያ ላይ ያስቀመጠው በ1927 ነው፤ የፒያኖውን ዕዳ ከፍለን በጨረስን በአራተኛው ወር።»

ቀጥለውም የመቀመጫውን ክዳን ከፍተው፣ ከአሮጌ የኖታ መጻሕፍት ሥር፣ ጠርዙ የተበላ ትንሽ የክፍያ ደብተር አወጡ። በየቅዳሜው አንድ መስመር፣ በየመስመሩ መጨረሻ የገንዘብ ሰብሳቢው ፊርማ ይታያል። ከግንቦት 1926 ጀምሮ ግን ስድስት መስመሮች ባዶ ነበሩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አባታቸው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ፒያኖውን በዋናው መንገድ ላይ ከነበረ ሱቅ በሦስት ዓመት ክፍያ የወሰዱት በ1924፣ ልጃቸው ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ነው። ላብ አደር ፒያኖ ምን ያደርግለታል የሚል ቢኖር፣ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ቤት ማወቅ ያስፈልገዋል። ፒያኖ ያለበት ቤት «የተከበረ ቤት» ይባል ነበርና፣ የዕለት እንጀራውን ቆጥሮ የሚበላው ቤተሰብ እንኳ አንዱን ክፍል ዘግቶ ለፒያኖ ያኖር ነበር። ንግዱም በዚሁ ምኞት ላይ የቆመ ነው። የለንደን ፒያኖ ሠሪዎች በካምደን ታውንና በኬንቲሽ ታውን ዙሪያ ተሰብስበው፣ እንጨቱን በቦይና በባቡር እያስመጡ ይሠሩ ነበር። በ1910 አካባቢ በብሪታንያ በዓመት ሰባ አምስት ሺህ ያህል ፒያኖ ይሠራ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በ1915 ደግሞ መንግሥት ከውጭ በሚመጣ የሙዚቃ መሣሪያ ላይ የዋጋውን ሢሶ ቀረጥ ስለጣለ፣ የአገሩ ሠሪ ገበያውን እንደ ልቡ አገኘ።

ይህን ሁሉ ሸቀጥ እጅ በእጅ የሚገዛ ላብ አደር አልነበረም። ስለሆነም ነጋዴው «ኪራይም ግዢም» የሆነ ውል አበጀ፤ ገዢው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይከፍላል፣ የመጨረሻው ክፍያ እስኪደርስ ግን ዕቃው የነጋዴው ነው። የዚህ ውል ዋና ፍርድ የተሰጠው በፒያኖ ምክንያት መሆኑን ሳነብ ተደንቄአለሁ። አንድ ሰው ፒያኖ በወር በአሥር ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ፣ ለሠላሳ ስድስት ወር ሊከፍል ይወስድና፣ ጥቂት ወራት ከፍሎ መያዣ ተቀብሎ ለሚያበድር ነጋዴ ያስይዘዋል። ክርክሩ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደርሶ በ1895 ተወሰነ። «ሄልቢ በማቲውስ ላይ» የሚባለው ይህ ፍርድ፣ ሰውዬው ፒያኖውን በፈለገ ጊዜ ሊመልስ ይችል ስለ ነበር እንደ ተከራይ እንጂ እንደ ገዢ አይቆጠርም፣ ስለዚህም ፒያኖው ለባለሱቁ ይመለስ አለ። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው በሕግ ተማምኖ ለድሃ መሸጥ ቻለ፤ ድሃው ግን በፊት ለፊት ክፍሉ ያስቀመጠው ዕቃ የማን እንደ ሆነ አንድ ክፍያ ባጓደለ ቀን ያውቀው ነበር።

የእማማ አባት ያወቁት በ1926 ነው። አጠቃላዩ የሥራ ማቆም አድማ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ሲፈርስ፣ ወደ ሥራ ልመለስ ያለው ሁሉ በዚያው ቀን አልተመለሰም፤ አባታቸውም ለሳምንታት ያለ ደመወዝ ቆዩ። በስድስተኛው ባዶ ቅዳሜ ገንዘብ ሰብሳቢው ሁለት ሸካሚዎችና አንድ ጋሪ ይዞ መጣ። ከዋጋው ሁለት እጁ ያህል ተከፍሎ አልቆ ነበር። በኋላ በ1938 የወጣው ሕግ፣ ከዋጋው ሢሶውን የከፈለ ሰው ዕቃው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይነጠቅበት ከለከለ፤ በ1926 ግን እንዲህ ያለ ከለላ አልነበረም። እናታቸው እስከ ማታ ጊዜ ለምነው፣ የጋብቻ ቀለበታቸውንና የባላቸውን የእሑድ ልብስ አስይዘው ገንዘቡን አመጡ። ልብሱ በኋላ ተመለሰ፤ ቀለበቱ አልተመለሰም።

«በሚቀጥለው ዓመት ያው ሰውዬ እንደገና በራችንን አንኳኳ» አሉኝ እማማ። «እናቴ ደነገጠች። እርሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ፣ ራዲዮ በክፍያ ልንወስድ እንደምንፈልግ ጠየቀን።»

የዚያን ዘመን የሙዚቃ ዕቃ ንግድ ጠቅላላ ታሪክ በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የእንግሊዝ የራዲዮ ኩባንያ ሥራ የጀመረው በኅዳር 1922 ነው። የአድማጭነት ፈቃዱ በዓመት አሥር ሺሊንግ፣ ማለት ከላይ ያነሣሁት ፒያኖ የአንድ ወር ክፍያ የማይሞላ ነበር። መጀመሪያ ሰዎች በጆሮ ማዳመጫ አንድ በአንድ ይሰሙ ነበር፤ ቆይቶ ድምፅ ማጉያ ያለው መጣና ቤተሰቡ በአንድነት ዝም ብሎ ተቀመጠ። በ1927 ከሁለት ሚሊዮን በላይ የነበረው ባለፈቃድ በ1939 ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ተጠጋ። በ1925 የሸክላ ቀረጻ በኤሌክትሪክ መሆን ስለ ጀመረ የግራማፎኑም ድምፅ ጠራ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ያለው ሲኒማ ሲመጣ፣ ድምፅ የለሹን ፊልም በፒያኖ ያጅቡ የነበሩ ሙዚቀኞች ሥራቸውን አጡ። ከ1929 ወዲህ የመጣውም የኢኮኖሚ ድቀት በዚህ ላይ ተጨመረ።

ስለሆነም «ፒያኖን የገደለው ራዲዮ ነው» ማለት ለአነጋገር ይመቻል እንጂ ልክ አይደለም። ሠሪዎቹ በ1934 «ሚኒፒያኖ» የተባለ፣ ለጠባብ ቤት የሚሆን አጭር መሣሪያ አውጥተው ገበያ አግኝተዋል። ባለሱቆቹም አብዛኛውን ጊዜ አልሞቱም፤ ፒያኖውን ከመስተዋቱ ወደ ጓዳ ገፍተው በቦታው ግራማፎን፣ ቀጥሎም ራዲዮ አቆሙ። ለነጋዴው ሁሉም ያው የሳምንት ክፍያ ነው። ራዲዮ ለድሃው ያመጣውንም መካድ አይገባም። ከ1927 ጀምሮ የለንደን ታላላቅ የበጋ ኮንሰርቶች በራዲዮ ሲተላለፉ፣ የአዳራሹን መግቢያ ከፍሎ የማያውቅ የሃርልስደን ሠራተኛ ከቤቱ ሆኖ ሰምቷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«አንተስ ለምን ተውሽው አትለኝም?» አሉኝ እማማ። «አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ስለማመድ 'ቆይ ልጄ፣ ዜናውን ልስማ' ይለኛል። ከዜናው በኋላ ዘፈን ይመጣል። እኔም መስማት እወድ ነበር። ማንም አልከለከለኝም፤ እስቲ ተጫወቺ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።»

ራዲዮውን ልጠግነው አልቻልሁም። በቤቱ ውስጥ ያልለመድነው ጸጥታ ሆነ። እማማ ክዳኑን ከፍተው፣ ከጥቂት ቁልፎች ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ ቅኝቱ በመፍረሱ ፊታቸውን ቋጠሩ። ከዚያም «በአገርህ ምን ይዘፈናል?» አሉኝ። እኔ ዘፋኝ አይደለሁም፤ ቢሆንም እናቴ ቡና ስትቆላ ታንጎራጉር የነበረውን ትዝታ፣ ቃሉን ትቼ ዜማውን ብቻ አሰማኋቸው። ሁለት ሦስቴ ካስደገሙኝ በኋላ በጣታቸው እየተከተሉ ይፈልጉት ጀመር። በድንገት ሳቁ።

«ጥቁሮቹ ናቸው! ጥቁሮቹ ብቻ!»

እውነትም የፒያኖ አምስቱ ጥቁር ቁልፎች፣ ነጮቹን ሳይነኩ በተከታታይ ቢመቱ፣ የትዝታን ሜጀር ቅኝት ይሰጣሉ። ይህን ማንኛውም የሙዚቃ ተማሪ ያውቀዋል፤ እኔ ግን አላውቀውም ነበር። አንቺ ሆዬን በሞከርን ጊዜ ከነጩም ከጥቁሩም እየቀላቀሉ ቢጠጉት «ቀርቤአለሁ፣ ግን አልደረስሁም» ብለው ተዉት። ትዝታውን ግን ደጋግመው ተጫወቱት። እኔም ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሬን ዜማ ከሳጥን ሳይሆን ከሰው እጅ ሰማሁ። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ አለቀስሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ወደ አገራችን መልሼ ማሰብ ጀመርሁ። በኢትዮጵያ ፒያኖ በቤተ መንግሥት፣ በኤምባሲና በጥቂት መኳንንት ቤት ካልሆነ በቀር ያልታየ ነገር ነበር። በልጅነታቸው ወደ ስዊትዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ የተማሩት፣ በኋላም የፒያኖ ሥራቸው በዓለም የታወቀላቸው፣ በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የወጡት ከዚያ ጥቂት ወገን ነው። ለቀረው ሕዝብ ክራር፣ በገናና ማሲንቆ ከሱቅ የሚገዙ ሸቀጦች አልነበሩም፤ የሚጫወተው ሰው ራሱ ወይም የሰፈሩ ባለሙያ ይሠራቸው ነበር። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የሙዚቃ ዕቃ ንግድ የጀመረው ከመሣሪያ አይደለም፤ ከተቀረጸ ድምፅ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ስለ አውቶሞቢል ሊማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳሉ፣ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በ1935 ድምፁን ወደ ውጭው ዓለም ባሰማ በሚቀጥለው ወር የፋሽስት ጦር ድንበር አለፈ። ከነጻነት በኋላም በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር በዐዋጅ ተሰጠ። ይህን አጥር በ1969 የደፈረው የሙዚቃ ቤት ባለቤቱ ዐምሃ እሸቴ ነው፤ ወጣት ነጋዴ ሳለ የራሱን ሸክላ በሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። በ1975 እርሱም እንደ እኛ ተሰደደ።

ከአከራዬ ቤት ጥቂት እርምጃ ስሄድ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይጠብቀኝ ነበር። የጃማይካ ስደተኞች ሙዚቃቸውን በትልልቅ የከተማ ሱቆች እንደ ልባቸው ባያገኙት የራሳቸውን ንግድ አቋቁመዋል። ሶኒ ሮበርትስ በ1962 በጎረቤት ሰፈር በኪልበርን፣ በምድር ቤት ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተ። የፓልመር ወንድማማቾችም በ1960ዎቹ ፓማ የተባለውን የሸክላ ኩባንያ እዚያው ሃርልስደን፣ በክሬቨን ፓርክ መንገድ ላይ አሠሩ። በእነዚያ ሱቆች መስተዋት ውስጥ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ባንዲራ፣ በሸክላው ሽፋን ላይም እኛ ስንቃወማቸው ያደግነውን የንጉሠ ነገሥቱን ሥዕል ማየት ለአንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ እንዴት ያለ ግራ መጋባት እንደ ነበር ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ እነርሱ መጀመሪያ ሠሪ፣ ቀጥሎ ሻጭ፣ ከዚያም አድማጭ ነበሩ። እኛ አድማጭ ብቻ ነበርን።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከመካከላችን አንድ ባልንጀራ ክራር ይጫወት ነበር። ክራሩን የሠራት ራሱ ነው፤ ከእንጨት ሳህንና ከዓሣ ማጥመጃ ክር። ከስብሰባ በኋላ ይጫወትልናል፣ አንዳንዶቻችን እናዜማለን፣ አንዳንዶቻችንም «ከሰዓቱ ጋር ውይይታችንን በላው» እያልን እናጉረመርማለን። በ1983 ለዓመት በዓል የሚሆን ገንዘብ ተዋጣና፣ ትልቅ የካሴት ማጫወቻ ከነድምፅ ማጉያው ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ካሴት አይደክምም፣ አይታመምም፣ የታወቁትን ዘፋኞች ሁሉ ያመጣል ተባለ። እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርሁ። የእማማን ታሪክ ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ግን ለፒያኖ የገባኝ ለክራር አልገባኝም።

በዓሉ ደመቀ። ባልንጀራችን ክራሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ከወንበሩ ሥር አስቀመጣት፣ ሲወጣም እንደ ጠቀለላት ይዟት ወጣ። ከዚያ በኋላ ይዟት አልመጣም። ማንም አልከለከለውም፤ እስቲ ተጫወትልን ብሎ የጠየቀውም አልነበረም።

በ1986 እማማ ጤናቸው ስለ ደከመ ወደ አረጋውያን ቤት ገቡና ቤቱ ተሸጠ። ፒያኖውን «ውሰደው» አሉኝ። እኔ የተከራየሁት አዲስ ክፍል በሦስተኛ ፎቅ፣ በጠባብ ደረጃ ላይ ነበር፤ ፒያኖው ደግሞ በውስጡ የብረት አጥንት ያለው፣ አራት ሰው የሚያስጨንቅ ዕቃ ነው። ሦስት ሱቅ ጠየቅሁ፤ በነጻ የሚቀበለኝ አጣሁ። በመጨረሻ ዕቃ የሚያነሣ ሰው ገንዘብ ተቀብሎ፣ በግቢው ውስጥ በመዶሻ ሰባብሮ ሊወስደው ተስማማ። የጋብቻ ቀለበት የተከፈለበት ፒያኖ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ እንጨትና ሽቦ ሆነ። የብረቱ ክፈፍ ሲመታ ክሮቹ ሁሉ በአንድነት ጮኹ። እማማ በዚያ ስላልነበሩ ደስ አለኝ፤ በኋላም ሲጠይቁኝ «ጥሩ ቤት ገብቷል» ብዬ ዋሸኋቸው። የክፍያ ደብተሩ እስከ ዛሬ በእኔ ዘንድ ነው።

ከእነዚያ የሃርልስደን የሸክላ ሱቆች ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ ካሴቱም እንደ ሸክላው አልፏል። በቅርቡ ያን ባልንጀራዬን ከሚኖርበት አገር በስልክ አገኘሁትና ስለ ክራሯ ጠየቅሁት።

«አርባ ዓመት ቆይተህ?» ብሎ ሳቀ። ጥቂት ዝም ብሎም «ጣቴ ረስቷል» አለኝ። ይቅርታ ለማለት አስቤ ደውዬ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ጤናው ጠይቄው ዘጋሁ።

በሴንት ፓንክራስ የባቡር ጣቢያ መንገደኛ ሁሉ የሚጫወትባቸው ፒያኖዎች አሉ። በዚያ ሳልፍ ባዶ ካገኘሁ እቀመጥና፣ እማማ ያስተማሩኝን ያችን አንዲት ዜማ በጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ እሞክራለሁ። ሌላ የምችለው የለኝም፤ እርሷንም በደንብ አልችላትም።

ውድ ወጣት አንባቢያን፣ የአሁኑ መሣሪያችሁ ከእኛ ካሴት በብዙ እጥፍ የበለጠ፣ በኪስ የሚገባ ነው፤ ጣሉት አልላችሁም፣ እኔም አልጣልሁትም። ነገር ግን በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ድምፅ ማጉያውን ከመክፈታችሁ በፊት፣ ከመካከላችሁ የሚጫወት ወይም የሚያዜም ሰው እንዳለ ጠይቁ። ምናልባት አንዱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከወንበሩ ሥር አስቀምጦ ይሆናል።